ዋንጫው ያለው ተቀያሪ ወንበሩ በር ላይ ነው

የአሜሪካን የቤት ውስጥ እግር ኳስ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው ዓይኑ ኳሷን ተከትሎ ይሮጣል። አይፈረድበትም። ኳሷ ግድግዳ መትታ ትመለሳለች፤ ወጣች ሲባል ነጥራ ግብ አፍ ላይ ትገኛለች። 8 ለ 6 የሚያልቅ ጨዋታ ብርቅ አይደለም። ሁለት ጎል የመራ ቡድን ተመልካቹ ለስላሳ ገዝቶ እስኪመለስ በሁለት ጎል ወደ ኋላ ቀርቶ ሊገኝ ይችላል።

ማን እንደሚያሸንፍ ቀድሞ ማወቅ የሚፈልግ ግን ዓይኑን ከኳሷ ላይ አንስቶ ተቀያሪዎቹ ወደሚቀመጡበት ጎን ይመልከት። እዚያ ዝቅ ያለ ግድግዳና ጠባብ በሮች አሉ። አምስት ሰዎች ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ ወደ ወንበሩ ይገባሉ፣ አምስት ሌሎች ዘለው ወደ ሜዳ ይወጣሉ። ጨዋታው አይቆምም፣ ዳኛው አያፏጭም፣ ቁጥር የተጻፈበት ሰሌዳ የሚያነሳ የለም። ከደቂቃ ብዙም ሳይርቅ ያው ይደገማል። ሊጉን በቅርብ የሚያውቁ ሰዎች አንድ ነገር ላይ ይስማማሉ፤ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። የብርዱን ወራት ሙሉ በሚዘልቀው ውድድር ሩቅ የሚሄደው ምርጥ አጥቂ ያለው ቡድን ብቻ አይደለም። ቅያሪውን ሳያዝረከርክ የሚያካሂደው ነው።

የማወራው ስለ ሜጀር አሬና ሶከር ሊግ ነው። ብዙ ሰው ከፉትሳል ጋር ያምታታዋል። ፉትሳል በመስመር የተከለለ፣ ግድግዳ የሌለው፣ ኳሱ ብዙም የማይነጥር፣ ፊፋ የሚመራው ጨዋታ ነው። ይሄኛው የተወለደው አሜሪካ ውስጥ፣ የበረዶ ሆኪ ሜዳ ላይ ነው። ሜዳው 61 ሜትር በ26 ሜትር ገደማ ነው፤ ማዕዘኖቹ ሹል ሳይሆኑ ክብ ናቸው። ዙሪያውን ደረት የሚደርስ ግድግዳ ያጥረዋል፣ በላዩ ላይ ግልጽና ወፍራም ፕላስቲክ ይቆማል። በየቡድኑ በረኛውን ጨምሮ ስድስት ሰው ይገባል። ጨዋታው 15 ደቂቃ በሆኑ አራት ክፍለ ጊዜያት ይከፈላል። ኦፍሳይድ የለም፣ ቅያሪም ገደብ የለውም። ጎሉ 4.27 ሜትር ስፋትና 2.44 ሜትር ቁመት አለው፤ ቁመቱ ከትልቁ ሜዳ ጎል ጋር እኩል ነው። ጎሉ የቆመው ግድግዳው ውስጥ ተሰክቶ ነው። ስለዚህ ከቋሚው አንድ ክንድ ርቃ የሳተች ኳስ የጎል ምት አትሆንም፤ ግድግዳ መትታ ተመልሳ ትመጣለች።

አንድ ሕግ ግን መጀመሪያውኑ ካልገባ ጨዋታው አይገባም። ሜዳውን የመሐሉ መስመርና ከሱ ግራና ቀኝ ያሉ ሁለት መስመሮች ይከፍሉታል። ኳስ ወደ ተጋጣሚ ጎል አቅጣጫ፣ ሰውም ግድግዳም ሳትነካ፣ ሦስቱንም መስመሮች በአየር ካቋረጠች ጥፋት ነው። ቅጣት ምቱም የሚመታው መጀመሪያ ካቋረጠችው መስመር ላይ ነው፤ ይህም ከራስ ጎል አፍንጫ ሥር ማለት ነው። ከትልቁ ሜዳ የመጣ በረኛ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ረጅም ኳስ እየለጋ ለቡድኑ መከራ የሚያመጣው በዚህ ምክንያት ነው። የለመደው በረኛ ኳሷን በእጁ ወርውሮ መሐል ሜዳ አካባቢ ካለው የጎን ግድግዳ ጋር ያጋጫታል። ግድግዳውን ስለነካች ሕጉ አይመለከታትም፤ አጥቂው ደግሞ ፊቱን ወደ ጎል አዙሮ ይቀበላታል።

ታሪኩ ብዙ ጊዜ ተሰብሮ የተጠገነ ነው። የመጀመሪያው ትልቅ ሊግ፣ ሜጀር ኢንዶር ሶከር ሊግ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በታኅሣሥ 1978 ጀመረ። የመጀመሪያዎቹን አራት ዋንጫዎች ኒው ዮርክ አሮውስ ጠቅልሎ ወሰደ። ለዚህም ትልቁ ምክንያት ከዩጎዝላቪያው ሃይዱክ ስፕሊት የመጣው ስቲቭ ዙንጉል ነበር። ቀጥሎ እንግሊዛዊው ሮን ኒውማን ያሠለጠነው ሳን ዲዬጎ ሶከርስ መጣ። ከ1982 እስከ 1992 ባሉት ዓመታት በሁለት ሊጎች ተደምሮ 10 ዋንጫ አነሳ፤ የዛሬው ሊግ ዋንጫም በኒውማን ስም ይጠራል። ያ የመጀመሪያ ሊግ በ1992 ፈረሰ። ተተኪዎቹም እየተመሠረቱ ፈረሱ፣ ስም ለወጡ። የአሁኑ በ2014 ሲቋቋም ከተለያዩ ሊጎች የተረፉ ቡድኖችን አንድ ላይ ሰብስቦ ነው። በዚህ ሁሉ መሐል ሚልዋኪ ዌቭ ከ1984 ጀምሮ ሳይፈርስ ቆይቷል፤ በአሜሪካ ሳይፈርሱ ከዘለቁት ፕሮፌሽናል የእግር ኳስ ቡድኖች ሁሉ አንጋፋው ነው። የኢትዮጵያ ስፖርት ፌዴሬሽን በሰሜን አሜሪካ የተመሠረተውም በዚያው ዓመት ነው፤ በየሐምሌው የሚሰበሰበው ወገናችን ዕድሜውን በዚህ ሊለካው ይችላል።

ከነዚያ ዓመታት አንድ ምሽት መጥቀስ ግድ ነው። በሰኔ 1987 ታኮማ ስታርስና ዳላስ ሳይድኪክስ ለዋንጫው ሰባተኛና የመጨረሻ ጨዋታቸውን ታኮማ ዶም ውስጥ አደረጉ። 21,728 ሰው ተገኘ። ዳላስ በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 3 አሸነፈ። የዳላስ ኮከብ ታቱ የሚባል ብራዚላዊ ነበር፤ ጎል ባገባ ቁጥር ማሊያውን አውልቆ ለተመልካች ይወረውራል። ይህ ስፖርት ሰው አይሰበስብም የሚል ሁሉ ያንን ምሽት መመርመር ይገባዋል።

አሁን ወደ ዘመኑ ውድድር እንምጣ። ዝግጅቱ የሚጀምረው ከወለሉ ነው። አዳራሹ የሆኪ ቡድን ካለው በረዶው አይቀልጥም። ሙቀትና ቅዝቃዜ የማያሳልፍ ሰሌዳ ይነጠፍበትና ሰው ሠራሹ ሣር እንደ ምንጣፍ ጥቅልል ተዘርግቶ በላዩ ይገጣጠማል። ችግሩ ያለው መጋጠሚያው ላይ ነው። በደንብ ያልተወጠረ ጥቅልል ጠርዙ ትንሽ ይነሳል፤ ኳሷ እዚያ ስትደርስ ትዘላለች፣ የሮጠ ሰው ጫማ ይያዛል። ከሥር ያለው ቅዝቃዜ ወደ ላይ ከመጣ ደግሞ መጋጠሚያው እርጥበት ይይዝና ያንሸራትታል። ስለዚህ አስተዋይ ተጫዋች ሁለት ጥንድ ጫማ ይዞ ይጓዛል። አንዱ ሶሉ ብዙ ትንንሽ የጎማ ጥርስ ያለው ነው፣ ሌላው ለጥ ያለ። ሣሩ አጭርና ደረቅ ከሆነ ለጥ ያለው ይሻላል። ጥርሱ ሣሩን አጥብቆ ሲይዝ ሰውነት ይዞርና እግር ይቀራል፤ ጉልበት የሚበላሸውም ያን ጊዜ ነው። የሜዳ ታኬታማ ጭራሽ አይታሰብም። ወድቆ የተንሸራተተ ሰው ክርኑና ጭኑ እሳት እንደነካው ይላጣል። ቁስሉ በዚያው ምሽት ታጥቦ ካልተሸፈነ በማግስቱ ላብና አቧራ ገብቶበት ያመረቅዛል።

ቀጥሎ ግድግዳው ነው። በአዲስ አበባ መንደር ውስጥ ያደገ ልጅ ከግቢ አጥር ጋር አንድ ሁለት መጫወት ምን እንደሆነ ያውቃል። ፕሮፌሽናሎቹ የሚያደርጉትም መሠረቱ ያው ነው፤ ልዩነቱ የእያንዳንዱን የግድግዳ ክፍል ጠባይ እንደ ቅርብ ሰው ጠባይ ማወቃቸው ነው። የታችኛው ሰሌዳ ኳሷን አጠንክሮ ይመልሳል። ላዩ ላይ ያለው ፕላስቲክ ያንቀጠቅጣትና ፍጥነቷን ሰርቆ ይጥላታል። በሮቹ ያሉበት ቦታ ልል ስለሆነ ኳስ እዚያ ትሞታለች። ስለዚህ እንግዳ ቡድን ከጨዋታ በፊት ሰውነት ሲያሟሙቅ ሁለት ሦስት ሰው መድቦ ዙሪያውን ያስመታል፤ እያንዳንዱ ሰሌዳ ላይ አንድ ጠንካራና አንድ ለስላሳ ምት። የሞተ ቦታ ከተገኘ ለሁሉም ይነገራል። ሩብ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነው፤ በቸልታ የሚዘሉት ቡድኖች ግን አይጠፉም።

ከግድግዳው ሁሉ ተንኮለኛው ማዕዘኑ ነው። ክብ ስለሆነ በጎን መስመር በኩል በኃይል የተመታች ኳስ አትቆምም። ክቡን ተከትላ ትዞርና ከጎሉ ጀርባ ባለው ግድግዳ ላይ ተንሸራታ በሌላኛው ቋሚ በኩል ብቅ ትላለች። በረኛው አንገቱን ሲያዞር አጥቂው ቀድሞ እዚያ ቆሟል። ሌላው ደግሞ ሆን ብሎ መሳት ነው። አጥቂው ከቋሚው ውጭ፣ ከሰሌዳው ታችኛ ክፍል ጋር ያላትማታል። በረኛው ወደዚያ ወድቋል፤ ኳሷ ግን ወደ ግቡ አፍ ትመለስና ከሩቁ ቋሚ የሚመጣው ጓደኛው ይገፋታል። አዲስ ተመልካች ሳተው ብሎ የሚያዝንለት ምት በዕቅድ የተመታ ሊሆን ይችላል።

ከትልቁ ሜዳ የመጡ ተጫዋቾች ሲጀምሩ የሚሠሩት ስህተት ይመሳሰላል። ኳሷ ወደ ግድግዳው ስትሄድ ወጣች ብለው ይቆማሉ። ያ የግማሽ ሰከንድ መቆም ይበቃል። ተከላካዩ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ይከላከላል፤ ማድረግ የነበረበት አንድ እርምጃ ወደ መሐል ገብቶ ኳሷ የምትመለስበትን ቦታ መያዝ ነው። ከሁሉ የከፋው ግን ሜዳ ውስጥ መቆየት ነው። 90 ደቂቃ የለመደ ሰው በአንድ ደቂቃ ውስጥ መውጣት ቅጣት ይመስለዋል።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ሁሉ የሚገናኘው። ተጫዋቾቹ አንድ የመግባትና የመውጣት ዙር የሚሉትን በአማርኛ ፈረቃ ብንለው ልክ ይመጣል። ጥሩ ፈረቃ ከ60 እስከ 90 ሰከንድ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ተጫዋቹ ሙሉ ፍጥነት ይሮጣል፣ ይቆማል፣ ይዞራል፣ እንደገና ይሮጣል። ሁለት ደቂቃ የቆየ ሰው እግሩ ይከብደዋል። ወደ ፊት መሮጥ ይችላል፣ ወደ ኋላ መመለስ ግን ያቅተዋል። ሲቀመጥም ቶሎ አያገግምም፤ ስለዚህ የሚቀጥለው ፈረቃው ከመጀመሩ በፊት ተበላሽቷል።

ሒሳቡን እንሥራው። ፈረቃው በአማካይ 75 ሰከንድ ቢሆን በ60 ደቂቃ ውስጥ 48 ፈረቃ ይኖራል። በቅርብ ዓመታት እንደተለመደው አንድ ቡድን በመደበኛው ውድድር 24 ጨዋታ ካደረገ ከ1,100 በላይ ፈረቃ ማለት ነው። እያንዳንዱ ቅያሪ ለጥቂት ሰከንድ ሜዳው የሚላላበት ቀዳዳ ነው። በሦስት ፈረቃ፣ ማለትም በሦስት የአምስት ሰው ምድብ እየተፈራረቀ፣ የሚጫወት ቡድን እያንዳንዱን ሰው በጨዋታ 20 ደቂቃ ያሠራዋል፤ በሁለት ፈረቃ የሚጫወት 30 ደቂቃ። ኅዳር ላይ ልዩነቱ አይታይም። መጋቢት ላይ በአራተኛው ክፍለ ጊዜ ቁልጭ ብሎ ይወጣል።

ጥሩ ቅያሪ እንዲህ ነው የሚካሄደው። የሚወጣበት ጊዜ የሚመረጠው ኳሷ በተጋጣሚ ሜዳ ጥግ ስትሆን፣ ወይም በረኛችን በእጁ ሲይዛት፣ ወይም ጨዋታው ሲቆም ነው። ተጋጣሚ ኳስ ይዞ ፊቱን ወደኛ ካዞረ ማንም አይወጣም፣ ቢሞትም። መጀመሪያ የሚወጣው ለወንበሩ የቀረበው ሰው ነው። በተቃራኒው ግድግዳ በኩል ያለው 26 ሜትር አቋርጦ መምጣት አለበት። የደከመ ሰው ይህን ለመሮጥ አራት አምስት ሰከንድ ይፈጅበታል፤ በዚያ ጊዜ ኳስ ሜዳውን ደርሳ ትመለሳለች። ስለዚህ እሱ የሚወጣው መጨረሻ ላይ፣ የመጀመሪያዎቹ ተተኪዎች ቦታቸውን ከያዙ በኋላ ነው። አጥቂዎቹ ይቀድማሉ፣ ተከላካዮቹ ይከተላሉ፤ አምስቱም በአንድ ጊዜ የሚሮጡበት ቅያሪ ሲታይ ያምራል እንጂ በራስ ላይ ጎል ያስቆጥራል። የሚገባውም ዝም ብሎ አይጠብቅም። የማንን ቦታ እንደሚይዝ አስቀድሞ ያውቃል፣ የዚያን ሰው ስም ጮክ ብሎ ይጠራል፣ አንድ እግሩን ግድግዳው ላይ ሰቅሎ ይቆያል። ከሜዳ የሚወጣው በበሩ ያልፋል፣ ወደ ሜዳ የሚገባው በግድግዳው ላይ ይዘላል። ሁለቱም በበሩ ከሄዱ ይጋጫሉ።

የሚወጣው ወንበሩ አጠገብ ሳይደርስ ተተኪው ዘሎ ኳስ ከነካ ሰው በዝቷል ይባላል፤ ሰማያዊ ካርድ ይመዘዝና ቡድኑ አንድ ሰው ያጣል። ይህን ቅጣት የሚያመጣው ብዙ ጊዜ ክፋት አይደለም፤ ሁለት ሰዎች አንድን ተጫዋች ልተካ ብለው አብረው መዝለላቸው ነው። መፍትሔውም ቀላል ነው። ወንበሩ ላይ ሰው የሚቀመጠው በሚገባበት ቅደም ተከተል ነው፤ በሩን የሚከፍትና የሚዘጋ አንድ ሰው ይመደባል። ያ በር ከፋች ጎል አያገባም፣ ስሙም አይጠራም። ለቡድኑ ያለው ዋጋ ግን ከአንድ መካከለኛ አጥቂ አያንስም ብዬ አምናለሁ።

የሰማያዊው ካርድ ቅጣት ከሆኪ የተወረሰ ነው። ተቃዋሚን ከግድግዳ ጋር ማላተምና የመሳሰሉት ጥፋቶች ሁለት ደቂቃ ውጭ ያስቀምጣሉ። የበለጠ ሰው ያለው ቡድን ጎል ካገባ የተቀጣው ይመለሳል። በእነዚያ ሁለት ደቂቃዎች አጥቂው ቡድን ብዙውን ጊዜ ሁለት ሰው ከኋላ፣ ሁለት ከጎን ያቆምና አምስተኛውን በረኛው ፊት ይተክለዋል። ያ አምስተኛ ሰው ዋና ሥራው ኳስ መቀበል አይደለም፤ የበረኛውን ዓይን መጋረድ ነው። የሚከላከሉት አራቱ ሜዳው መሐል ላይ አራት ማዕዘን ሠርተው ይጠባሉ፣ ከሩቅ የሚመታውን ይፈቅዳሉ፣ ከሩቁ ቋሚ ያለውን ግን አይለቁም። አንደኛው ኳሷን ተከትሎ ወደ ግድግዳ ከወጣ ሳጥኑ ይፈርሳል። በቁጥር ያነሰ ቡድን ኳስ ሲያገኝ አብዶ ለመሥራት አይሞክር፤ ወደ ተጋጣሚ ጥግ ልኮ ሰው ይቀይር። ሁለት ደቂቃ ለአንድ ፈረቃ ረጅም ነው፤ የሚያገባውም ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ላይ ሳይሆን መሐሉ ላይ፣ ተከላካዮቹ ሲደክሙ ነው።

ሌላው ልብ የሚሰቅለው ስድስተኛው አጥቂ ነው። የተመራ ቡድን በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች በረኛውን ያወጣና በምትኩ አንድ የሜዳ ተጫዋች ያስገባል። ይህ ሰው ከጓደኞቹ የተለየ ቀለም ያለው ማሊያ መልበስ አለበት። ማሊያው አስቀድሞ ቁጥሩ ታትሞበት ወንበሩ ሥር ካልተቀመጠ፣ አንዱ እጅጌ ሌላው አንገት እየፈለገ ውድ ሰከንዶች ያልፋሉ። ስድስት ለአምስት ሲሆን ኳሷን በሜዳው ወርድ ቶሎ ቶሎ ማንሸራሸር፣ ከዚያም ሩቁ ቋሚ ጋ የቆመውን ማግኘት ነው ዘዴው። አደጋው ግልጽ ነው፤ አንድ ቅብብል ከተሳሳተ ጎሉ ባዶ ነው። አሠልጣኞች የሚከራከሩት መቼ እንጀምር በሚለው ላይ ነው። በእኔ ግምት ሁለት ጎል የተመራ ቡድን አራት ደቂቃ ሲቀረው መጀመር አለበት። በመጨረሻው ደቂቃ የሚጀምር ሰው ሁለት ጎል የሚያገባበት ጊዜ የለውም። እርግጥ ነው፣ ለዚህ የሚሆነው ሰው ያልደከመ መሆን አለበት፤ ያም መልሶ ፈረቃው ቀደም ብሎ እንዴት እንደተያዘ ይጠይቃል።

የውድድሩ ወራት ራሳቸው ቀላል አይደሉም። የጨዋታ ቀን የሚወሰነው አዳራሹ ሲለቀቅ ነው፤ ሆኪ አለ፣ ኮንሰርት አለ፣ ቅርጫት ኳስ አለ። ስለዚህ አንድ ቡድን ሁለት ሳምንት ሳይጫወት ይቆይና በአንድ ቅዳሜና እሑድ ሁለት ከተማ ይጫወታል። ልምምድም ብዙ ጊዜ ሌላ ሕንፃ ውስጥ፣ ሌላ ሣር ላይ ነው። ደመወዙ ብዙዎቹን ቤት አያስተዳድርም፤ ቀን ሕፃናት ያሠለጥናሉ ወይም ሌላ ሥራ ይሠራሉ፣ ማታ ልምምድ ይወርዳሉ። እነዚህ ሰዎች ለሚሰጡት ነገር ክፍያው አነስተኛ መሆኑ ያሳዝነኛል።

ጉዳቱ ከዚሁ ይመነጫል። ቁርጭምጭሚት ወለም ይላል፣ ብሽሽት ይሳባል፣ ከጭን ጀርባ ያለው ጡንቻ ይበጠሳል፣ ጉልበት ይጠማዘዛል። ብሽሽትን የሚጎዳው በግድግዳው አጠገብ ድንገት ቆሞ መዞር ነው። መከላከያው አሰልቺ ቢሆንም ይሠራል። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በጎን ተጋድሞ የላይኛውን እግር ጓደኛ ይዞለት ሰውነትን ማንሳት ለብሽሽት ነው። ተንበርክኮ ቁርጭምጭሚቱን ሌላ ሰው ይዞለት ቀስ እያሉ ወደ ፊት መውደቅ ደግሞ ለጭን ጀርባ ነው። በጥቂት ድግግሞሽ ይጀመራል፣ በየሳምንቱ ይጨመራል፤ ከጨዋታ በፊት ባለው ቀን አይሠራም። በድርብ ጨዋታ ሳምንት አሠልጣኙ የመጀመሪያውን ምሽት ሦስተኛውን ፈረቃ በደንብ ካላሠራ ሁለተኛውን ምሽት በሁለት ፈረቃ ይቀራል። የሚያሳዝነው፣ ይህን ስህተት የሚሠሩት ብዙውን ጊዜ እየመሩ ያሉ ቡድኖች መሆናቸው ነው፤ ድሉን ለማስጠበቅ ሲሉ ምርጦቻቸውን ያቃጥላሉ።

ነጥቡም ይህን ይቀጣል። በመደበኛው ሰዓት ያሸነፈ 3፣ በጭማሪ ሰዓት ያሸነፈ 2፣ በጭማሪ የተሸነፈ 1 ነጥብ ያገኛል። ጭማሪው ወርቃማ ጎል ነው፤ ያገባ ያሸንፋል። በመሪነት ላይ ሆኖ በመጨረሻው ደቂቃ አቻ የሆነ ቡድን ቢያሸንፍ እንኳን አንድ ነጥብ ጥሏል። በሌሎች የቤት ውስጥ ሊጎች ደግሞ በጨዋታው ውጤት ላይ አንድ ጎል ከተመታበት ርቀት አንጻር ሁለትና ሦስት ሆኖ የሚቆጠርበት ጊዜ ነበር። አንድ ጎል አንድ ብቻ ሆኖ መቆጠሩ የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ከሩቅ መልጋት እየቀነሰ ግድግዳውን የሚያነብ ሰው ዋጋ ያገኛል።

ከዚያ ጥሎ ማለፉ ይመጣል። በዚህ ሊግ ብዙ ጊዜ ሲሠራበት የቆየው ሁለት ጨዋታ፣ አንዱ በሜዳ አንዱ ከሜዳ ውጭ ነው። አንድ አንድ ከተሸናነፉ ሁለተኛው ጨዋታ እንዳለቀ በዚያው ምሽት የ15 ደቂቃ መለያ ጨዋታ ይደረጋል። አስቡት፤ 60 ደቂቃ ሮጦ ያሸነፈ ቡድን ላቡ ሳይደርቅ ዓመቱን ሙሉ የለፋበትን ነገር በ15 ደቂቃ ሊያጣው ይችላል። እዚያ ላይ የሚታየው አሠልጣኙ በአራተኛው ክፍለ ጊዜ ምን እንዳደረገ ነው። ሁለተኛው ጨዋታ በሦስት ጎል ልዩነት ካለቀለት በኋላ ኮከቦቹን ያስቀመጠ ቡድን ለመለያው ሁለት ትኩስ ፈረቃ አለው። በሽንፈት ውስጥ እያለ እንኳን ያሳረፈ አለ፤ ያ ድፍረት ይጠይቃል፣ ተመልካቹም ሊጮህበት ይችላል። የሜክሲኮው ቺዋዋ ሳቬጅ በ2023፣ በ2024 እና በ2025 በተከታታይ ዋንጫ ሲያነሳ ብዙ ሰው ያወራው ስለ ኳስ ችሎታቸው ነበር። ችሎታው አያጠያይቅም። ለሦስት ዓመት ያህል በፀደዩ መጨረሻ ላይ እግር ኖሮት መገኘት ግን ከችሎታ በላይ የሆነ ዝግጅት ነው።

በሲያትል አካባቢ ለሚኖር ወገን ታኮማ ስታርስ፣ ያንን የ1987 ቡድን ስም የወረሰው፣ ኬንት ከተማ ውስጥ ሲጫወት ቆይቷል፤ ሐበሻ በብዛት ካለበት ሠፈር ሩቅ አይደለም። ሳን ዲዬጎ ሶከርስ ከ2024 ጀምሮ ኦሽንሳይድ በሚገኘው አዲስ አዳራሽ ይጫወታል። በብርዱ ወራት አዳራሽ ተከራይተው ግድግዳ ባለው ሜዳ የሚጫወቱ የኛ ቡድኖችም ሞልተዋል። ሐምሌ ላይ ለሚደረገው ውድድር በዚያ ይዘጋጃሉ። ለነሱ የምለው አንድ ነው። ሰባት ስምንት ሰው ብቻ ካላችሁ እንኳን ሰዓት የሚይዝ አንድ ሰው ወንበሩ ላይ አስቀምጡ፣ በ90 ሰከንድ ስም ይጥራ። ጎበዙ ልጅ ውጣ ሲባል ይቆጣል። በሦስተኛው ጨዋታ ግን እሱ ራሱ ሳይጠራ እጁን አንስቶ ይመጣል።

አዳራሽ ገብታችሁ ለማየት ትኬት ስትቆርጡ ከጎል ጀርባ ያለውን አትምረጡ፤ መረቡና ፕላስቲኩ ሜዳውን ይጋርዱታል። ከተቀያሪ ወንበሮቹ ፊት ለፊት፣ ከሜዳው አሥር ረድፍ ያህል ከፍ ብላችሁ ተቀመጡ። በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ኳሷን ተዉአትና በሩን እዩ። ማን ቀድሞ እንደሚወጣ፣ ማን እንደሚዘገይ፣ ከሩቁ ግድግዳ የሚመጣውን ማን እንደሚሸፍንለት ቁጠሩ። ከዚያ አንዱ ቡድን ላይ አንድ ሰው ሁለት ደቂቃ አልፎት እጁን ጉልበቱ ላይ አሳርፎ ሲቆም ታያላችሁ። ተተኪው አንድ እግሩን ግድግዳው ላይ ሰቅሎ ስሙን እየጠራ ነው፣ እሱ ግን አይሰማም። ያን ጊዜ ዓይናችሁን ወደ ጎሉ መልሱ።